ጥላ፣ ኮከብና ሰዓት፦ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ቦታን የማወቅ ጥበብ

በምድር ላይ ያለን ማንኛውንም ቦታ ለመለየት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት ይነግረናል፤ ኬንትሮስ ደግሞ ከአንድ ከተመረጠ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ በ25.2 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ55.27 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ይገኛል፤ አዲስ አበባ በ9.03 እና በ38.74 ገደማ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ መንትዮች ይመስላሉ፤ ባሕርያቸው ግን የተለያየ ነው። ኬክሮስን አንድ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ብቻውን ሰማይን አይቶ ያገኘዋል። ኬንትሮስን ግን በዚያው ቅጽበት በሌላ ቦታ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያውቅ ሊያገኘው አይችልም። ይህን ልዩነት የጨበጠ አንባቢ የዱባይን፣ የሻርጃንና የአጅማንን የቀድሞ መርከበኞች ችሎታ በትክክል ይመዝናል፤ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ቦታችንን እንዴት እንደሚያውቅም ይረዳል።

ከፀሐይ እንጀምር። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ በአናት ላይ የምትደርስበት የመጨረሻው የሰሜን ጠርዝ 23.4 ዲግሪ ነው። ሦስቱ ከተሞች ከዚያ መስመር በስተሰሜን ስለሚገኙ በእኩለ ቀን የሰው ጥላ በዓመቱ ቀናት ሁሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በዱባይ ሰማይ 88 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትወጣለች፤ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ ያን ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ያም ቢሆን ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 41 ዲግሪ ዝቅ ስለምትል ጥላው ከዘንጉ ይረዝማል። በአዲስ አበባ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ፀሐይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከነሐሴ 20 በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። እንግዲህ ቀኑን የሚያውቅና የእኩለ ቀን ጥላን የለካ ሰው ኬክሮሱን አገኘ ማለት ነው። የፀሐይን ከፍታ ከ90 ይቀንሳል፤ ፀሐይ በዚያ ቀን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለችበትን ዲግሪ ይደምርበታል። በሰኔ አጋማሽ ለዱባይ ሒሳቡ 90 ሲቀነስ 88.2 ሲደመር 23.4 ነው፤ ውጤቱ 25.2።

የቀኑ ርዝመትም ያንኑ ይመሰክራል። በዱባይ አጭሩ ቀን ከ10 ሰዓት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን ረጅሙ ወደ 13 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይደርሳል። በአዲስ አበባ ግን ቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይመላለሳል። ከንጋት ተነሥቶ የቀኑን ሰዓት የሚቆጥረው የኢትዮጵያ ልማድ ዓመቱን ሙሉ ሳይዛነፍ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ሌሊት ደግሞ ከዋክብት አሉ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ገደማ፣ በአጅማን 25 ዲግሪ ገደማ። በደቡብ በኩል ዓረቦች ሱሄል የሚሉት ደማቅ ኮከብ በተቃራኒው ይሄዳል፤ በአዲስ አበባ እስከ 28 ዲግሪ ይወጣል፣ በዱባይ ከ12 ዲግሪ አያልፍም። የባሕረ ሰላጤው ዓሣ አጥማጆችና አርብቶ አደሮች አል ዱሩር በተባለው ዘመን መቁጠሪያቸው ዓመቱን የሚጀምሩት ሱሄል በነሐሴ አጋማሽ ከንጋት በፊት ብቅ ሲል ነበር፤ ከዚያም ቀኖቹን በአሥር በአሥር ይከፍሏቸዋል።

ይህን እውቀት በጽሑፍ ካቆዩት ሰዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታወቀው አሕመድ ኢብን ማጂድ ነው። የተወለደው ከሻርጃና ከአጅማን በስተሰሜን በምትገኘው ጁልፋር፣ በዛሬዋ ራስ አል ኸይማ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አባቱም አያቱም በቀይ ባሕር የታወቁ መርከብ መሪዎች ነበሩ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ ያጠናቀቀው ኪታብ አል ፈዋኢድ የተባለው መጽሐፍ 12 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀይ ባሕር ነው። የእርሱና የጓደኞቹ ዋና መሣሪያ ከማል ይባላል፤ መካከሏ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ገመድ ያለፈባት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ናት። መርከበኛው የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ሰሌዳዋን ወደፊት ይገፋታል፤ የታችኛው ጠርዟ አድማሱን፣ የላይኛው ኮከቡን ሲነካ ገመዱ የተወጠረበት ርዝመት የኮከቡን ከፍታ ይናገራል። ገመዱ ላይ ቋጠሮዎች አሉ፤ አንድ ቋጠሮ የአንድ ወደብ ኬክሮስ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል።

መለኪያቸው ጣት ነበር። ሙሉ ክብ በ224 ጣት ስለሚከፈል አንድ ጣት 1.6 ዲግሪ ያህል ነው። ጣት ደግሞ በስምንት ዛም ይከፈላል፤ ዛም መርከብ በሦስት ሰዓት የሚጓዘው መንገድ ነው። አንድ ዛም 0.2 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቡርጅ ኸሊፋ ካለበት ኬክሮስ እስከ አጅማን ከተማ ኬክሮስ ያለው ልዩነት ልክ ይህን ያህል ነው፤ ዛሬ በመኪና መንገድ ተጨናንቆ የምናልፈው ርቀት በኢብን ማጂድ ሒሳብ አንድ ዛም ነበር። ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በከማል ብቻ መለየት ይከብዳል፤ በሚናወጥ መርከብ ላይ የሩብ ጣት ስሕተት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ያርቃል። ስለዚህ መርከበኞቹ የውሃውን ቀለም፣ የባሕር እባቦችንና ወፎችን፣ የተራራውን ቅርጽ አብረው ያነቡ ነበር። ሌላም እርማት ያስፈልጋቸው ነበር። በእነርሱ ዘመን የሰሜን ኮከብ ከሰማይ ዋልታ 3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚርቅ በሌሊቱ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ኢብን ማጂድ ይህን ለማረም ሌሎች ከዋክብት የሚገኙበትን ሥፍራ መሠረት ያደረገ ደንብ አስቀምጧል። ዛሬ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ በታች ነው።

እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ይነሣል። እነዚህ ሰዎች ኬንትሮስን በባሕር ላይ መለካት ካልቻሉ እውቀታቸው ጎዶሎ አልነበረምን? መልሱ በካርታው ላይ ይገኛል። የሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻና የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ናቸው። መርከበኛው የሚፈልገው ወደብ ኬክሮስ ላይ ከደረሰ በኋላ ኮከቡን በዚያው ከፍታ ጠብቆ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ቢጓዝ የብሱ ይጠብቀዋል። የነፋሱ አቅጣጫም በየወቅቱ የታወቀ ነበር። ስለዚህ መንገዱን የሚመርጡት በሚችሉት ልኬት ነበር፤ ይህ ደግሞ የበሰለ ምህንድስና ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ታሪክ መታረም አለበት። ኢብን ማጂድ እ.ኤ.አ. በ1498 ፖርቱጋላዊውን ቫስኮ ዳ ጋማን ከማሊንዲ ወደ ሕንድ መራው ይባላል። የታሪክ ምሁር የሆኑት የሻርጃው ገዥ ሼህ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ ይህን የሚያስተባብል መጽሐፍ ጽፈዋል፤ መሪው ጉጅራታዊ ነበር ብለው ይሞግታሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኢብን ማጂድ ክብር ያለው በጻፈው መጽሐፍ ነውና፣ የሌላ ሰው ጉዞ ተቀጥላ ሊሆን አይገባውም።

ወደ ኬንትሮስ እንምጣ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ነው። አጅማን ላይ እኩለ ቀን ከሆነ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ቡርጅ ኸሊፋ ላይ እኩለ ቀን ይሆናል፤ ከአንድ ሰዓት ከ6 ደቂቃ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ። ችግሩ ፀሐይ ስለ እኔ እኩለ ቀን ብቻ እንጂ ስለ ሌላው ቦታ ምንም አለመናገሯ ነው። ለሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚታይ ምልክት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ997 የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ አል ቢሩኒ በመካከለኛው እስያዋ ካት፣ አቡል ወፋ በባግዳድ ሆነው አንድን የጨረቃ ግርዶሽ ተመለከቱ፤ ግርዶሹ በየአካባቢያቸው ሰዓት ስንት ላይ እንደታየ በማነጻጸር የከተሞቹን የኬንትሮስ ልዩነት አገኙ። ግርዶሽ ግን ለሚጓዝ መርከብ ብርቅ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 በግሽ ዓባይ ያደረገው ልኬት የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ኬክሮሱን 11 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አገኘ፤ ከዛሬው ልኬት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ኬንትሮሱን ግን 37 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ብሎ መዘገበ፤ ይህም ሩብ ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ ያፈነገጠ ነው። ሰማዩ ያው፣ ሰውየውም ያው፤ ስሕተቱ የገባው የሌላ ቦታ ሰዓት በሚያስፈልገው ቁጥር ላይ ነው።

መፍትሔው የመነሻውን ሰዓት ይዞ መሄድ ሆነ። እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን የሠራው አራተኛው የባሕር ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1761 እስከ 1762 ወደ ጃማይካ በተደረገው ሙከራ በ81 ቀን ውስጥ የሳተው 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ግሪኒችን መነሻ አድርገው መረጡ። ዛሬ የኤምሬትስ ሰዓት የሚቀዳው ከ60 ዲግሪ መስመር ነው፤ ዱባይ ደግሞ በ55.3 ላይ ስለሆነች የፀሐይ እኩለ ቀን በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ይውላል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ፍጥነት እኩል ስላልሆነና ዘንጓም ያዘመመ ስለሆነ ይህ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ3፣ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 6 ሰዓት ከ33 ይንቀሳቀሳል። ተመልካቹ ያለበት ከፍታም ይታሰባል፤ ከከፍታ ሲታይ አድማስ ዝቅ ስለሚል ፀሐይ ዘግይታ ትጠልቃለች። የዱባይ ታላቁ ሙፍቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከቡርጅ ኸሊፋ 80ኛ ፎቅ በላይ ያሉ ነዋሪዎች የረመዳንን ጾም ከሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ከሦስት ደቂቃ በኋላ እንዲፈቱ ያሳሰቡት ለዚህ ነው። መርከበኞችም የከዋክብትን ከፍታ ሲለኩ ለመርከቡ ወለል ከፍታ ተመሳሳይ እርማት ያደርጋሉ።

ሁለተኛው መቃወሚያ የዘመናችን ነው፤ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚነግረንን በዘንግና በገመድ መፈለግ ምን ይጠቅማል? እንዲህ የሚል ሰው ስልኩ ምን እንደሚያደርግ ልብ አላለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩ እጅግ ትክክለኛ ሰዓቶች ናቸው። ስልኩ ቢያንስ ከአራቱ የሚመጣውን የጊዜ ምልክት አነጻጽሮ ርቀቱን ያሰላል፤ የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያርቀዋል። የሃሪሰን ሐሳብ ሰማይ ላይ ወጣ እንጂ አልተሻረም። ይህ ሰዓት ደግሞ በሌላ እጅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በእስራኤልና በኢራን ጦርነት ሰሞን በሆርሙዝ ሰርጥ ዙሪያ የብዙ መርከቦች የጂፒኤስ ምልክት ታውኮ አንዳንዶቹ በማሳያ ካርታ ላይ የብስ ላይ የቆሙ መስለው ታይተዋል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚም ትቶት የነበረውን በከዋክብት የመጓዝ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገና ጀምሯል። የፀሐይን ከፍታ ማወክ የሚችል የለም።

ስለዚህ የምሞግተው ስልኩ ይጣል ብዬ አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች ከየት እንደሚመጡ ማወቅ የእያንዳንዱ የተማረ ሰው ድርሻ ሊሆን ይገባል፤ በተለይም በባሕረ ሰላጤው የሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ድርሻ፤ ወላጆቻቸው ከመጡበት ሰማይ የተለየ ሰማይ በየቀኑ ከላያቸው አለና። ዘዴው ቀላል ነው። በሻርጃ ወይም በአጅማን ሜዳ ላይ አንድ ዘንግ ቀጥ አድርገው ይትከሉ፤ ከእኩለ ቀን በፊትና በኋላ ጥላው እኩል የሚረዝምባቸውን ሁለት ሰዓቶች ይመዝግቡ፤ መካከላቸው የፀሐይ እኩለ ቀን ነው። በእኩለ ቀን የሚለካው የጥላው ርዝመት ኬክሮስን ይሰጣል፤ ይህ እኩለ ቀን በሰዓታቸው ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት የራቀበት ልዩነት፣ ከላይ የተጠቀሰው ዓመታዊ እርማት ከተደረገበት፣ ኬንትሮስን። አንድ ደቂቃ ቢሳሳቱ በዚህ ኬክሮስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታሉ፤ ሻርጃን ከዱባይ መለየት አይችሉም ማለት ነው። ኤምሬትስን ከኢትዮጵያ ግን በእርግጠኝነት ይለያሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ስልኩ ላይ የሚያየውን ቁጥር ስለተነገረው ብቻ አይቀበለውም፤ ራሱ ሊመረምረው ይችላል። መመርመር የሚችል ሰው ደግሞ መሣሪያው ቢበላሽ ወይም ሆን ተብሎ ቢታወክ የት እንዳለ ለማወቅ የሚጀምርበት መነሻ አለው።