ሁለቱ ፒካፖች ሲኮራረፉ

ልጆች ገመድ ሲዘሉ ያየ ሰው የቤዝ ጊታር ነገር ግማሹ ገብቶታል። የገመዱ መሀል አንዴ መሬት እየነካ አንዴ ከራስ በላይ ይነሣል፤ ከያዘው እጅ አጠገብ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። የቤዝ ክርም እንዲሁ ነው። ወደ አንገቱ በኩል ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፤ ክሩ የሚታሰርበት ብሪጅ አጠገብ ሲደርስ ውዝዋዜው ይጠባል። ስለዚህ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ፒካፖች ገዝታችሁ፣ አንዱን በአንገቱ ሌላውን በብሪጁ በኩል፣ በእኩል ከፍታ ብትገጥሟቸው የብሪጁ ፒካፕ ድምፅ ማነሱ አይቀርም። ተበላሽቶ አይደለም፤ የሚደርሰው ነገር አንሶበት ነው።

ፒካፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ በሺዎች ዙር የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው እሱን ነው።

ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ አንድ ፒካፕ ብቻ ስለነበረው ይህን ጣጣ አያውቅም። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ግን ሁለት ፒካፕ፣ ለየራሳቸው ቮልዩም ይዞ ብቅ አለ። ብዙ ባለሁለት ፒካፕ ቤዞች የእሱ ቅጂ ናቸው። ልትገዙ ስትሄዱ ታዲያ የብሪጁ ፒካፕ ከአንገቱ በጥቂት ሚሊሜትር እንደሚረዝም አትርሱ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በቁጥር ተታልያለሁ። የድሮው የብሪጅ ፒካፕ በቴስተር ሲለካ 7 ኪሎ ኦም ገደማ ነበር፤ አዲሱ ከ10 በላይ አሳየ። «ይኼማ ይጮኻል» ብዬ ገጠምኩት። ድምፁ ደበዘዘብኝ እንጂ ያሰብኩትን ያህል አልጮኸም። ለካ የኦሙ ቁጥር ሽቦው ሲቀጥንም ይጨምራል፤ የዙሩ ብዛት ድምፅ ቢያበረታም የላይኛውን ጥራት ይበላል። ቴስተር ሽቦው አለመበጠሱን ይነግራችኋል። የጉልበቱን ነገር ለጆሮ ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ፒካፕ ከማማረጤ በፊት ካቻቢቴ አነሣለሁ። ወፍራሙን ክር መጨረሻ ፍሬት ላይ ተጭኜ በክሩና በፒካፑ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ አያለሁ። ለመነሻ በወፍራሙ ክር በኩል 3 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ገደማ ይበቃል። ቀጥሎ አንዱን ኖታ በአንድ ዓይነት ጉልበት እየመታሁ፣ አንዴ የአንገቱን አንዴ የብሪጁን ብቻ ከፍቼ አዳምጣለሁ። የአንገቱ ከበረታ ብሎኖቹን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያጠበቅሁ ዝቅ አደርገዋለሁ። የደከመውን ከማንሣት የበረታውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ማግኔት ወደ ክሩ ከመጠን በላይ ከቀረበ ይስበውና ከቅኝቱ ያስወጣዋል፣ ድምፁም ይንቀጠቀጣል። ብሎኑን እየፈታችሁ ፒካፑ አልነሣ ካለ ከሥሩ የሚገፋው ስፖንጅ አርጅቶ ተጨፍልቋል ማለት ነው። አንዲት ቁራጭ ስፖንጅ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ግን በሹክሹክታ አትሥሩት። ጆሯችን ወፍራም ድምፅን፣ ቮልዩም ሲቀንስ፣ ከቀጭኑ አሳንሶ ይሰማል። መኝታ ቤት ውስጥ ልክ የመጣው ሚዛን ሠርግ አዳራሽ ሲገባ የአንገቱ ፒካፕ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። በሮሃ ባንድ ካሴቶች የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ከከበሮው ለይቶ ማዳመጥ የለመደ ሰው ምን እንደሚጠፋ ያውቃል።

በብሎን የማይፈታ ኩርፊያም አለ። ሁለቱም ለየብቻ ጥሩ ይጮኻሉ፤ አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን ድምፁ ይሳሳል፣ ወፍራሙ ይጠፋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ነው። አዲሱና አሮጌው ከተለያየ ፋብሪካ ሲሆኑ ይህ ያጋጥማል። ብዙውን ጊዜ የአንዱን ፒካፕ ሁለት ሽቦዎች አቀያይሮ መበየድ ያስታርቃቸዋል። ከብየዳ በኋላ አንዱን ቮልዩም ስትዘጉ ሁለቱም ጸጥ የሚሉ ከሆነ ደግሞ በቮልዩሞቹ ላይ የገቢና የወጪ ሽቦዎች ተለዋውጠዋል፤ በጃዝ ቤዝ አሠራር አንዱ ሲዘጋ ሌላው መሰማት አለበት።

አንዱን ፒካፕ ባትሪ የሚፈልግ፣ ሌላውን ያለ ባትሪ የሚሠራ ማድረግ ግን አልመክርም። ባለባትሪው ከ25 ኪሎ ኦም፣ ባትሪ የለሹ ከ250 ኪሎ ኦም ቮልዩም ጋር እንዲሠሩ የተሰናዱ ናቸው፤ በቀጥታ ሲገናኙ ባለባትሪው ሌላውን ይውጠዋል። ከፍታ በማስተካከል አይድንም። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ግዙ፤ አቅም ከሌለ የድሮውን ጥንድ ተዉት።

ባለባትሪ ቤዝ ያላችሁ፣ ሁለቱም ፒካፖች አንድ ቀን በድንገት ደክመው ድምፁ ቢሰነጠቅ ካቻቢቴውን ተዉትና 9 ቮልቱን ባትሪ ቀይሩ። ማታም ገመዱን ነቅላችሁ ተኙ፤ በእነዚህ ቤዞች የገመዱ ሶኬት ማብሪያና ማጥፊያም ስለሆነ፣ ተሰክቶ ያደረ ገመድ ባትሪውን ይጨርሰዋል።