መረብ ወይስ መንጠቆ?

ወረታ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ሥራ ፈትቶ መቀመጡ መሮታል። እጁ ላይ ትንሽ ብር አለችው። ጓደኞቹ «መረብ ግዛ፣ ክረምት ሲገባ የርብ አፍ ላይ እንዘረጋለን፣ ዓሣው ራሱ ይመጣል» ይሉታል። እሱ ያመነታል። ምን ይሻለው ይሆን?

እኛ መንጠቆ ይሻልሃል እንላለን። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከጣና ወጥቶ በርብና በጉማራ ሽቅብ የሚጓዘው እንቁላሉን ሊጥል ነው። ያን ጊዜ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነልጆቿ ያፍሳል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የጣና ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ታዲያ ወንድማችን፣ መንጠቆ ስትገዛ ጫፉን ጥፍርህ ላይ ጎተት አድርገው። ካንሸራተተ ደንዟል፣ በሞረድ ሳለው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ የምትመለስ እሾህ ትኑረው፣ አለዚያ ዓሣው ያመልጥሃል። በእጅህ ስትስበው የሚቃና ከሆነ ለባለሱቁ መልስለት።

ለዘንጉ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ቁረጥና ጥላ ሥር አድርቀው። የናይለኑ ክር ዘንጉን ያህል ይርዘም። ደረቅ ደንገል ወይም ቡሽ ከላይ ይንሳፈፍ፣ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ ትንሽ እርሳስ ይታሰር። ለአምባዛ የመሬት ትል አይታጣም።

እውነቱን ለመናገር መንጠቆ ባንድ ሌሊት ሀብታም አያደርግም። ግን የሚያወጣው አንድ አንድ ነው፤ ትንሿን መልሰህ ትለቃታለህ። ነጭ ዓሣ በሚወጣበት ሰሞን ደግሞ ዘንግህን ስቀል። ለከርሞ የምትበላውን ዘንድሮ አትጨርሰው!