ዱላው ውስጥ ማግኔት የተፈለገበት ህንዳዊ

ሃይስኩል ሳለን ሒሳብ ያስተምሩን የነበሩ ህንዳዊ መምህር፣ ክፍሉ ሲሰለች ጠመኔያቸውን ያስቀምጡና ስለ አንድ የሆኪ ተጫዋች ያወሩን ነበር። “ዱላው ውስጥ ማግኔት አለ ብለው ሰብረው ፈተሹት” ይሉናል። እኛ ደግሞ “የገና ጨዋታ ነው እንዴ?” እያልን እንስቃለን። ብዙም አልተሳሳትንም። የገናን ጨዋታ ያየ ሰው የሜዳ ሆኪ አይቸግረውም። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ትንሽ ኳስ እየገፉ ግብ ማግባት ነው። ልዩነቱ፣ ሆኪ ላይ የሚቆጣ ዳኛ አለ።

ሰውዬው ድያን ቻንድ ነው። እ.ኤ.አ ኦገስት 29 ቀን 1905 በአላሃባድ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ይመራ በነበረው የህንድ ጦር ወታደር ነበሩ፤ እሱም በ1922 ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ትክክለኛ ስሙ ድያን ሲንግ ሲሆን፣ ከሥራ በኋላ በጨረቃ ብርሃን ይለማመድ ስለነበር ጓደኞቹ “ቻንድ” አሉት ይባላል። በሂንዲ ጨረቃ ማለት ነው።

በ1928 አምስተርዳም ኦሎምፒክ ህንድ በ5 ጨዋታ 29 ግብ አግብታ አንድም ሳይገባባት ወርቅ ወሰደች። 14ቱ የድያን ቻንድ ነበሩ። በ1932 ሎስ አንጀለስ አሜሪካን 24 ለ 1 አሸነፉ፤ ታናሽ ወንድሙ ሩፕ ሲንግ 10፣ እሱ 8 አገባ። እውነቱን ለመናገር የቀረቡት ሦስት ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ ይህን ውጤት አላጋንነውም።

በርሊን ግን ሌላ ነው። በ1936 አምበል ሆኖ ሲሄድ፣ ከውድድሩ በፊት በተደረገ የመለማመጃ ግጥሚያ ጀርመን ህንድን 4 ለ 1 አሸነፈች። ለፍጻሜ የተገናኙትም ሁለቱ ናቸው። ጨዋታው በዝናብ ምክንያት ወደ ኦገስት 15 ተሸጋገረ። በይፋ የሚሰለፉት በእንግሊዝ ቅኝ በተገዛችው ህንድ ስም ነበር፤ ሜዳ ከመግባታቸው በፊት ግን በመልበሻ ክፍል ውስጥ ለነፃነት የሚታገለው ኮንግረስ ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራ ተዘርግቶ ሰላምታ ሰጡት። እስከ ዕረፍት 1 ለ 0 ነበሩ። ሲያልቅ 8 ለ 1። የጀርመኗ ግብ በዚያ ኦሎምፒክ ህንድ ላይ የገባች ብቸኛዋ ናት። ልክ በ11ኛ ዓመቱ፣ ኦገስት 15 ቀን 1947፣ ህንድ ነፃ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሂትለር የጦር ማዕረግ እንዳቀረበለትና እምቢ እንዳለ ይተረካል። ለዚህም ሆነ ለማግኔቱ ወሬ አጥጋቢ ማስረጃ ቀርቦ አላየሁም። እኔን ከተረቱ ይልቅ የሚገርመኝ፣ ይህን ያህል ግብ አግቢ ሆኖ የሚመሰገነው ኳስ በማቀበሉ ጭምር መሆኑ ነው።

በ1956 በሻለቃ ማዕረግ ጡረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ፓድማ ቡሻን የተባለው ኒሻን ተሰጠው። የመጨረሻ ዘመኑ ግን የደላ አልነበረም። ገንዘብም ጎብኚም እንዳጠረው በሰፊው ይነገራል። ዲሴምበር 3 ቀን 1979 ኒው ዴልሂ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

ሆኪውም ቢሆን ጊዜ ከዳው። ልጁ አሾክ ኩማር በ1975 ኩዋላላምፑር ላይ የዓለም ዋንጫን ያስገኘችውን ግብ ፓኪስታን ላይ አግብቷል። በቀጣዩ ዓመት ሞንትሪያል ላይ ሰው ሠራሽ ሜዳ መጣ። የህንዶቹ የዱላ ጥበብ በሣር ላይ ያደገ ነው፤ አዲሱ ሜዳ ፍጥነትና ጉልበት ይፈልጋል፣ ለየከተማው ለማንጠፍም ውድ ነው። 7ኛ ወጡ። ከ1980 የሞስኮ ወርቅ በኋላ ለ41 ዓመት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ በሆኪ አላገኙም።

በ2014 ባራት ራትና የተባለው ትልቁ የሀገሪቱ ኒሻን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስፖርተኛ ሲሰጥ የተሸለመው የክሪኬቱ ሳቺን ቴንዱልካር ነበር። ብዙዎች “ድያን ቻንድስ?” ብለው ተቆጡ። ኦገስት 5 ቀን 2021 የህንድ ቡድን ቶኪዮ ላይ ነሐስ አገኘ። በማግስቱ መንግሥት ትልቁን የስፖርት ሽልማት ከራጂቭ ጋንዲ ስም አንስቶ በድያን ቻንድ ስም ሰየመው።