ኮሶ የተባለው ሁሉ ኮሶ ነውን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጃችን በቂርቆስ አካባቢ ከአንድ ትንሽ ሱቅ የገዛውን ጥቅል ይዞ ወደ እኛ መጣ። በላዩ «የኮሶ ዱቄት» የሚል ጽሕፈት ተለጥፎበታል። ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ተለቀመ፣ ማን እንደ ፈጨው ግን የሚናገር አንድ ቃል የለበትም። ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወጣት ሹም ነው፤ ጥሬ ሥጋም ይወዳል፤ እንግዲህ ምን እንደ ገጠመው ሳንነግራችሁ ትረዱታላችሁ። «ልጠጣው ወይስ ልተወው?» ሲል ጠየቀን።

ቀድሞ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቅርብ ነበር። በካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ በደጃቸው ተክለው፣ የጎረቤት ልጅ ምች በመታው ቁጥር ቅጠል በጥሰው የሚሰጡ አንዲት እናት ነበሩ። ኮሶ የመጣላቸው እንደ ሆነ አበባውን በመዳፋቸው ዘርግተው፣ አሽትተው፣ «ይህ የሴቴው ነው፤ ይህኛው ግን የወንዴው ነውና መልሰው» ይሉ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ ሲፈርስ እሳቸውም እንደ ሌላው ጎረቤት ራቅ ወዳለ ሥፍራ ሄዱ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራላቸው ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ ድርጅቱ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። ስምና ባለቤቱ እንዲህ ቢለያዩ ለሠፈር ክፋት የለውም፤ ለመድኃኒት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብሩክሴል ከተማ ለመቅጠን ሲሉ ወደ ሐኪም የሄዱ ሴቶች ከቻይና የመጣ የዕፅ ዱቄት ይሰጣቸው ነበር። የታዘዘላቸው ስቴፋኒያ የሚባለው ዕፅ ነው፤ በቻይንኛ ስሙ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው አሪስቶሎኪያ ግን በቦታው ገብቶ ተገኘ። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ ከፊሎቹም ውለው አድረው በሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተያዙ። ሥሩ ከተፈጨ በኋላ በዓይን አይቶ የሚለየው ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሊቃውንቱ ዱቄቱን በዓይን ሳይሆን በጽሕፈቱ ይለዩታል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና በፀሐይ ብርሃን የተክሉን ምግብ የሚያዘጋጀው ክሎሮፕላስት የተባለው ደቃቅ አካል የራሱ የሆነ የዘር ጽሕፈት አለው። ይህም በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ እንደ መቁጠሪያ ዙሪያውን የገጠመ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ዕፀዋት ከ120 ሺህ እስከ 160 ሺህ ፊደል ይደርሳል። የጃፓን ሊቃውንት በ1986 የትምባሆን ጽሕፈት ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። በአንድ የቅጠል ሕዋስ ውስጥ የዚህ ጽሕፈት ቅጂ በብዙ መቶዎች ስለሚቆጠር፣ ዕፁ ቢደርቅም ቢፈጭም አንዳንዱ ተርፎ ይገኛል። አረንጓዴ ባልሆኑት በሥሩና በአበባው ውስጥ እንኳ የክሎሮፕላስት ወገኖች ያንኑ ጽሕፈት ይዘው ይኖራሉ።

የኮሶን ሙሉ ጽሕፈት በ2017 በፈረንጆች የኬንያና የቻይና ተመራማሪዎች አሳትመውታል፤ ርዝመቱ 155 ሺህ ፊደል ያህል ነው። ኮሶ በኬንያም ተራሮች ይበቅላልና ቅር ልንሰኝ አይገባም፤ ቢሆንም ትንሽ ቅር ብሎናል።

ኮሶ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ቢሆንም በቅርብ ወገኑ ውስጥ ብቻውን የቀረ ዛፍ ስለሆነ እሱን መለየት አያስቸግርም። ችግሩ ብዙ ወንድም ባላቸው ላይ ነው። እንቆቆና ቀጨሞን እንውሰድ፤ ሁለቱም ለኮሶ ትል ይሰጣሉ፣ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ፍሬያቸውም ትንንሽና ክብ ነው። በ2009 በፈረንጆች የዓለም ሊቃውንት ከዚህ ረጅም ጽሕፈት ሁለት አጫጭር ክፍሎችን ለዕፀዋት መለያ እንዲሆኑ መርጠው ነበር። ነገር ግን በጣም የሚቀራረቡ ዝርያዎች በነዚህ ክፍሎች አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚገኙ፣ መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ ግድ ይሆናል። የተነበበውም የሚመሳከርበት ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ዐዋቂ አይቶ ስሙን የጻፈበት የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። እንዲህ ያለው ከካዛንቺስ ብዙ ሳይርቅ በአራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የብሔራዊ ዕፀዋት ማኅደር ተቀምጧል። ተማሪ ሳለን በበሩ ስናልፍ ድርቆሽ የሚጠበቅበት ቤት ነው እያልን መሳቃችንን እዚህ ላይ እንናዘዛለን።

እንግዲህ የወዳጃችን ዱቄት ቢነበብና «ኮሶ ነው» ቢባል ይጠጣው ማለት ነውን? አይደለም። በኮሶ ሴቴውና ወንዴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ፤ የክሎሮፕላስቱ ጽሕፈት ግን ሁለቱን አይለያቸውም። በ19ኛው መቶ ዓመት ኮሶ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሲገባ ይፈለግ የነበረው በተለይ የሴቴው አበባ ነበር። መጠኑንም ጽሕፈቱ አይናገርም፤ ኮሶ ሲበዛ የዓይን ብርሃን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። ማኅተም መቺ የሆናችሁ ወጣት ሹማምንት እንዲህ ያለ ጥቅል በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ይህን ሁሉ መጠየቅ የእናንተ ፈንታ ነው።

ለወዳጃችን ለጊዜው እንዳይጠጣው ነገርነውና ለእኚያ እናት ስልክ ደወለላቸው። «እማማ፣ ዱቄቱን ይዤ ልምጣ?» አላቸው።

«ዱቄትማ ምን አውቅልሃለሁ፣ ልጄ! አበባውን አምጣልኝ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ኪኒን ተሰጠው። ጥቅሉ እስከ ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ አለ።