ዐረብኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛ ቃል ስለሚማሩበት ተነጋጋሪ መሣሪያ

ቻትቦት የተባለው፥ በጽሕፈት ሲጠይቁት የሚመልስ መሣሪያ፥ ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከፊተኞቹ አንዲቱ ኤሊዛ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ ታወቀች። ቻትጂፒቲ በ2022 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ግን በካይሮም በሪያድም ለሚማር ልጅ የቤት አስጠኚ ሊሆነው ይችላል።

ዐረብኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛን ቃል ለመያዝ የሚቸገርበት ምክንያት አለው። የቋንቋው ቃል አብዛኛው በሦስት ፊደል ሥር ላይ የቆመ ነው፤ አጫጭሮቹም ድምፆች ከቍርኣንና ከሕፃናት መጽሐፍ በቀር ብዙ ጊዜ አይጻፉም። ስለዚህ ዓይኑ ፊደሉን ይዞ ድምፁን ይዘላል፤ ካት ድመት፥ ከት መቍረጥ፥ ኮት የሕፃን አልጋ መሆናቸው ይደባለቅበታል። ፊደሉን ከነድምፁ ለምንጽፍ ለእኛ ይህ ችግር እንግዳ ነው። ደግሞም በቋንቋው ፐ ስለሌለ ፓርክ ለማለት ባርክ ይላል፤ መናፈሻው የውሻ ጩኸት ሆነ ማለት ነው።

በክፍል ውስጥ እንዲህ ሲል ጓደኞቹ የሚሥቁበት ልጅ አፉን ይዘጋል፤ ያልተናገረበትም ቃል ይጠፋዋል። መሣሪያው ግን አይሥቅም፥ አይሰለችምም። እኛ እንደሚመስለን ወላጅ ልጁን ትርጕም ብቻ እየጠየቀ እንዲቀመጥ ሊተወው አይገባም፤ «ሦስቱን ቃል በየዐረፍተ ነገሩ እያስገባህ ጠይቀኝ፤ መልሱን አስቀድመህ አትንገረኝ፤ የሳትሁትንም መልሰህ ጠይቀኝ» ብሎ ይዘዘው። መሣሪያው ስሕተትን እንደ እውነት አድርጎ የሚናገርበት ጊዜ ስላለ መዝገበ ቃላት ከአጠገቡ አይጥፋ። ድምፅ የማይሰማ እንደ ሆነም ፐንና በን ሊያርም አይችልም፤ ይህ የመምህር ጆሮ ሥራ ነው።