ቋንቋን ስለ መማር፤ የአባ ጎርጎርዮስና የሉዶልፍ ታሪክ

ሰው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር በእግሩም ሆነ በመርከብ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን የደረሰበትን አገር ሕዝብ ቋንቋ ያላወቀ እንደ ሆነ፥ ዓይኑ ሁሉን እያየ ልቡ ከደጅ የቆመ እንግዳ ነው። ቋንቋውን የተማረ ሰው ግን፥ እግሩ ያን አገር ባይረግጥ እንኳ፥ የአገሩ ሊቃውንት መምህራን፥ የአገሩም መጻሕፍት ሀብት ይሆኑለታል። ስለዚህ ቋንቋን መማር ለጌጥና ለመመኪያ ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ የሰውን ኑሮ ከጀመረው መንገድ አንሥቶ ባላሰበው መንገድ ላይ የሚያቆም ታላቅ ሥራ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን፥ በሁለት ሰዎች ላይ የተፈጸመ አንድ ታሪክ አለ፤ አንዱ የአምሐራ ሰው አባ ጎርጎርዮስ፥ ሁለተኛው የጀርመን ሰው ኢዮብ ሉዶልፍ ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተነገሩት ዓመታት፥ በመጨረሻ ከሚመጣው ከአንዱ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሮም ከተማ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ከኢትዮጵያ ተነሥተው ወደ ሮም የሚመጡ መነኰሳትና ተሳላሚዎች ያርፉባት ስለ ነበረ፥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ተብላ ትጠራለች። የግዕዝ መጽሐፍ በማተሚያ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በዚሁ በሮም ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ከኢትዮጵያውያን መነኰሳት ዘንድ ግዕዝን ተምሮ፥ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 ዓመት አሳተመ። ከዚያም በኋላ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 ዓመት አሳተሙ። የማተሚያው ሠራተኞች ፊደሉን ማንበብ የማይችሉ፥ መነኰሳቱም የማተምን ጥበብ የማያውቁ ስለ ነበሩ፥ ሥራው የተፈጸመው በብዙ ድካም ነው። እነዚህ መጻሕፍት ከሮም ወጥተው በአውሮፓ ተበተኑ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከአንድ የጀርመን ወጣት እጅ ገባ።

ይህ ወጣት ኢዮብ ሉዶልፍ ነበረ። በ1624 ዓመት ኤርፉርት በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገበት ዘመን፥ ከ1618 እስከ 1648 ዓመት ድረስ በቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ጀርመን የምትቃጠልበት ዘመን ነበረ። ሉዶልፍ ግን በዚያ መከራ መካከል ቋንቋን የመማር ፍቅር አድሮበት፥ ግሪክን፥ ዕብራይስጥንና ዐረብኛን ካጠና በኋላ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። በአገሩ ግዕዝን የሚያስተምረው ሰው አልነበረም። በጊዜው የነበሩት ጥቂት የግዕዝ መጻሕፍትም ስሕተት የበዛባቸው ነበሩ። እርሱ ግን ብቻውን ተቀምጦ ፊደሉን ቈጠረ፥ ቃሉን ከቃል እያስተያየ የቻለውን ያህል አነበበ። ሆኖም ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ውኃን በሥዕል እንዳየ ሰው ነው፤ መልኩን ያውቃል እንጂ ጥሙን አይቈርጥም።

በ1649 ዓመት ሉዶልፍ ወደ ሮም ተላከ። የተላከውም ስለ ግዕዝ ሳይሆን፥ የስዊድን መንግሥት የሚፈልጋቸውን ጥንታዊ ጽሑፎች እንዲመረምር ነበረ። እርሱ ግን በከተማው ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን በሰማ ጊዜ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄደ። የግዕዝን ድምፅ ከሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም ነበርና ንባቡ ከመነኰሳቱ ንባብ የራቀ ነበረ። በዚያም ከነበሩት መካከል በትምህርት የበለጡትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። የሉዶልፍ ኑሮ የተለወጠው በዚያች ቀን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አባ ጎርጎርዮስ በአምሐራ በመካነ ሥላሴ የተወለዱ፥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን መምህራን ጋራ ተባብረው ስለ ነበረ፥ በ1632 ዓመት የቀደመችው ሃይማኖት እንድትመለስ ዐዋጅ ተነግሮ መንግሥቱ ወደ ዐፄ ፋሲለደስ ካለፈ በኋላ አገራቸውን ለቀው ከስደት ወደ ሮም ደረሱ። ስለ ሃይማኖቱ ክርክር ሊቃውንት በየስፍራው የተናገሩት ስለ ሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ይሁን እንጂ አገሩን ያጣ ሰው ከእጁ የማይነጠቅ አንድ ሀብት ይቀርለታል፤ ይኸውም በሕፃንነቱ የተማረው ቋንቋ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮም ይዘውት የገቡት ሀብት ግዕዝና አማርኛ ነበረ።

ሁለቱ ሰዎች በተገናኙ ጊዜ በሁለቱም አፍ ላይ ያለ አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በአስተርጓሚ ተነጋገሩ። በአስተርጓሚ የሚደረግ ንግግር ግን ከሦስተኛ ሰው እጅ እንደሚጐረስ እንጀራ ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ አስተርጓሚውን ትተው በግዕዝ መነጋገር ጀመሩ። ይህ ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ግዕዝ ለጀርመኑ የባዕድ ቋንቋ ነበረ፤ ለአባ ጎርጎርዮስም የጸሎትና የመጻሕፍት ቋንቋ እንጂ በገበያና በማእድ የሚነገር አልነበረም። ሁለቱም ከየወገናቸው ጥቂት ጥቂት መንገድ ሄደው በመካከል ተገናኙ። የሉተርን ትምህርት የሚከተለው ጀርመናዊና ከሮም ጋራ የተባበሩት መነኵሴ፥ በአገር፥ በዕድሜና በእምነት ተለያይተው ሳሉ፥ በአንድ ፊደል ላይ ጐንበስ ብለው እንደ ወንድማማች ተቀመጡ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ፍቅራቸው አልተቋረጠም፤ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበረ። በኋላም ሉዶልፍ በጎታ መስፍን በኤርነስት ዘንድ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ተናገረ። ይህ መስፍን በመንፈሳዊነቱ የታወቀ፥ ትምህርትንም የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፥ አባ ጎርጎርዮስን በ1652 ዓመት ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራቸው። እርሳቸውም ሄደው በዚያ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። የመስፍኑ አማካሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፥ ሥርዓት፥ አገዛዝና ምድር እየጠየቁ፥ እርሳቸው እየመለሱ፥ ሉዶልፍ በመካከል ሆኖ ያስተረጕም ነበረ። በሮም አስተርጓሚ ያሻው የነበረ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ራሱ አስተርጓሚ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመትም በመስፍኑ ቤት ሥራ ተሰጠው፤ ኑሮውንም ሁሉ ለኢትዮጵያ ትምህርት አዋለው።

በዚህ ነገር የተጠቀመው ሉዶልፍ ብቻ የሆነ እንዳይመስል፥ የአባ ጎርጎርዮስም ዕድል ማየት ይገባል። ሰው በአፍ መፍቻው ሲናገር ሕጉን አያስብም፤ እንደሚተነፍሰው አየር ሳይመረምረው ይኖራል። ሌላ ሰው መጥቶ ይህ ቃል ከምን ወጣ፥ ያኛውስ ስለ ምን እንዲህ ተባለ ብሎ በጠየቀው ጊዜ ግን፥ የያዘው ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ያስተውላል። ያለዚያ ጥያቄ አባ ጎርጎርዮስ በስደት አገር ከሚኖሩ ብዙ መነኰሳት አንዱ ሆነው ስማቸው በተረሳ ነበረ። ባዕድን በትዕግሥት ስላስተማሩ ግን የአንድ ታላቅ ትምህርት አባት ሆኑ።

ኀዘኑ ግን ከዚህ በኋላ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዓመት ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ፥ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። አገራቸውን እንደ ናፈቁ፥ ያስተማሩት ትምህርት በመጽሐፍ ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። ሉዶልፍ ያሰናዳው የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1661 ዓመት ነው።

ሉዶልፍ መምህሩ ስለ ሞቱበት ሥራውን አልተወም። በ1681 ዓመት የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጽፎ በፍራንክፈርት አሳተመ፤ መጽሐፉም በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝኛ ተተረጐመ። በ1683 ዓመት፥ አውሮፓ ከኢትዮጵያ ጋራ ወዳጅነትና ንግድ እንዲኖራት ለማስረዳት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ ነገር ግን ያሰበው አልተሳካለትም። በ1698 ዓመት የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። የሎንዶኑ ኅትመት ስሕተት ስለ ነበረበት ደስ አላሰኘውም ነበርና፥ የግዕዙን መዝገበ ቃላት በ1699፥ ሰዋስውንም በ1702 ዓመት አርሞ እንደ ገና አሳተመ። ሰባ ስምንት ዓመት የሆነው ሽማግሌ በወጣትነቱ የጻፈውን ለማረም አላፈረም። ከሁለት ዓመት በኋላም በ1704 ዓመት በፍራንክፈርት ሞተ። ኢትዮጵያን አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ሳያያት፥ ዕድሜውን ሁሉ በኢትዮጵያ ቋንቋ ውስጥ ኖረ።

ስለ ሉዶልፍ ከሁሉ ይልቅ ሊመሰገን የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የመምህሩን ስም አልደበቀም። ያወቀውን ከማን እንዳወቀው በመጽሐፉ መሰከረ፤ የአባ ጎርጎርዮስንም መልክ በሥዕል አስቀረጸ። የሰው ዕውቀት ወስዶ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ብዙ ነው፤ መምህሩን ከፊቱ አስቀድሞ እርሱ ከኋላ የሚከተል ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ የሚያስቈጭ ጥያቄ አለ፤ የኢትዮጵያ ቋንቋ ስለ ምን መጀመሪያ በአውሮፓ ታተመ? መልሱ አንዱ የማተሚያ መኪና አለመኖር ነው። ሁለተኛው ግን ሊቃውንቱ የተማሩትን በቃልና በብራና ለደቀ መዝሙር ሲያወርዱ፥ ከሌላው ቋንቋ ጋራ የሚያስተያዩበት ዕድል ጥቂት ስለ ነበረ ነው። ይህም ዕድል በተገኘ ጊዜ የኢትዮጵያ ልጆች ከማንም እንደማያንሱ ታይቷል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ተቀምጠው፥ ኢኛሲዮ ጉይዲ የሚባለው የጣልያን ሊቅ በ1901 ዓመት ያሳተመውን የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሲያሰናዳ ረዱት። እርሳቸው የጀመሩትንም የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። አለቃ ኪዳነ ወልድም በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ኖረው ዕብራይስጥን፥ ዐረብኛንና ሱርስትን ከግዕዝ ጋራ እያስተያዩ መጽሐፉን አሰናዱ፤ ነገር ግን ሳይታተም ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1948 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ አሳተሙት። በሮም የተዘራው ዘር በሦስት ትውልድ እጅ ወደ አገሩ ተመለሰ። እነዚህ ሊቃውንት የባዕድን ቋንቋ የተማሩት የራሳቸውን ለመተው ሳይሆን፥ የራሳቸውን ጠልቀው ለማወቅ ነበረ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ለካህኑም ለሹሙም ይሆናል። ካህኑ የያዘው ግዕዝ በመዝገብ የተቈለፈ ወርቅ እንዳይሆን፥ የሚጠይቀውን ሰው፥ ወጣትም ይሁን ባዕድ፥ እንደ አባ ጎርጎርዮስ በትዕግሥት ሊቀበለው ይገባል። በዚያች ቀን በቅዱስ እስጢፋኖስ ደጅ የቆመው ወጣት በንባቡ ስሕተት ተነቅፎ ቢመለስ ኖሮ፥ ይህ ሁሉ ፍሬ በቀረ ነበረ።

ሹሙም ቢሆን የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ቋንቋ ይማር። ኢትዮጵያ ቋንቋዋ ብዙ የሆነ አገር ናት፤ ባለጉዳዩም አቤቱታውን የሚያሰማው እንባው ባለበት ቋንቋ ነው። አስተርጓሚው የታመነ ሰው ቢሆን እንኳ፥ ቃሉን ያደርሳል እንጂ እንባውን አያደርስም። የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ቋንቋ ለመማር አንድ ዓመት የደከመ ሹም፥ በፍርድ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይቀመጣል፤ በእርሱ ፊት የሚቆመውም ደኻ ሌላ ዕድል ያገኛል። ቋንቋን መማር የሰውን ኑሮ ይለውጣል ሲባል፥ የሚለወጠው የተማሪው ኑሮ ብቻ አይደለም፤ የሚሰማውም ሰው ኑሮ ነው።