የግግር በረዶ ውሃ የሚጠመቅበት ቢራ ቤት

በኖርዌይና በሰሜን ዋልታ መካከል የስቫልባርድ ደሴቶች አሉ። የደሴቶቹ ዋና መንደር ሎንግየርብየን በ78ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። ዛፍ የላት፣ የእርሻ ማሳ የላት፤ በክረምት ፀሐይ ለወራት ብቅ አትልም። ከመንደሩ ራቅ ብሎ የሚሄድ ሰው የዋልታ ድብ ስለሚያሰጋው ጠመንጃ ይይዛል።

ስቫልባርድ ብሪገሪ የተባለው አነስተኛ ቢራ ጠማቂ የሚሠራው እዚህ ነው። እንግዳው ጋኖቹን ይጎበኛል፣ አጠማመቁ ይነገረዋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይቀምሳል።

መንደሯን ያቆማት የከሰል ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣ ደንብ በደሴቶቹ አልኮል ማምረትን ከልክሎ ነበር። በ2009 ሮበርት ዮሃንሰን የተባለ የቀድሞ የማዕድን ሠራተኛና አውሮፕላን አብራሪ ቢራ ለመጥመቅ ፈቃድ ጠየቀ። ሕጉ እስኪሻሻል አምስት ዓመት ፈጀ፤ የመጀመሪያው ቢራ የተጠመቀው በ2015 ነው።

ብቅሉና ሆፕሱ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። ውሃው ግን የአገሩ ነው፤ 16 በመቶው የሚቀዳው 2,000 ዓመት ዕድሜ አለው ከሚባለው የቦገርብሬን ግግር በረዶ ነው። የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ተጣርቶ የወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ከሆፕስ ጋር ይፈላል። ሆፕስ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ እንደሚሆነው ነው፦ መራራነቱን ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ፈሳሹ ሲበርድ እርሾ ይጨመርበታል፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ከቀላሉ ፒልስነር እስከ ጥቁሩ ስታውት ያሉት ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጡት የብቅሉ አቆላል፣ የሆፕሱ መጠንና የእርሾው ዓይነት ናቸው።

ክልከላው ቢነሳም ቁጥጥሩ አልቀረም። ነዋሪው ከመደብር ቢራ የሚገዛው በካርድ ነው፤ በወር ከ24 ጣሳ አያልፍም። ይህ ኮታ ከማዕድን ሠራተኞች ዘመን የወረደ ነው። ወይን ከጥብቁ ኮታ ውጪ የቀረው የአለቆች መጠጥ ስለነበር ነው ይባላል።

ቦታውን ማየት የሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ስቫልባርድ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ መንገደኛው የሚሄደውም የሚመለሰውም በኖርዌይ በኩል ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት።